ምሳሌ የሌለው ገጽ

ጥቅምት 6

ሙሉ ቀን ለአንድ መስመር። ጢሞ ቅጂ መውሰጃው ትዕዛዝ ላይ አዲስ ምርጫ ጨምሯል፤ «ሰረዝ ኬ» ትባላለች። ምን እንደምትሠራ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጠረጴዛው ድረስ ሄድኩ። የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ብቻ ገለጥ አደረገልኝ... ለእኔ የሚደርሰኝ ግማሽ ጆሮ ነው።

«ኮዱ ላይ አለልሽ።»

«ኮድ የሚያነብ ሰው መመሪያ ምን ያደርግለታል?»

«እኔም ሁሌ የምጠይቀው እሱን ነው» ብሎ ጢሙን እያሻሸ ሳቀ። ፕሮግራሙን የሚጽፈው እሱ ነው። ጎበዝ ነው። ከሰው ጋር ማውራትን ግን እንደ ቅጣት ነው የሚቆጥረው።

ራሴ ሞካክሬ ደረስኩበት። የድሮውን ቅጂ ሳታጠፋ አዲሱን ከጎኑ ታስቀምጣለች። ይኸው ነው። አራት መስመር የነበረውን ወደ አንድ አወረድኩት። አሁን አንድም ቃል አይነሳለትም። ደስ አለኝ። ግን ይሄ ምኑ ለሰው ይነገራል?

ከሥራ ስወጣ እማዬ ቤት ጎራ አልኩ። ጎረቤቷ «ትልቋ ልጅሽ ሥራዋ ምንድነው?» ብላት ምላሷ ተሳስሮ ቀረ። እንደገና አስረዳኋት። ቢሮዎች ፋይላቸው እንዳይጠፋባቸው ቅጂ የሚያስቀምጥላቸው ፕሮግራም አለን። ሥዕል የለውም፣ የሚጫኑት ነገር የለውም። ጥቁር ስክሪን ላይ ትዕዛዙን በፊደል ትጽፊለታለሽ፣ ይፈጽማል። ትዕዛዙን የማያውቅ ሰው መመሪያ ሲጠይቀው እኔ የጻፍኩት ገጽ ይመጣለታል።

«ስምሽ አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ አንቺ መጻፍሽን በምን ያውቃሉ?»

«እኔ አውቃለሁ!» አለች ሚጢ ከመኝታ ቤት። ታናሽ እህቴ። ስንት ዓመት ማመልከቻ ስትበትን ኖራ በመጨረሻ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። የደም ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ሆና። የሚጠቀሙት የእኛን ፕሮግራም ነው። «እታለም፣ መጀመሪያ የምከፍተው ያንቺን ገጽ ነው» አለችኝ።

እማዬ ሁለታችንንም እያየች ራሷን ነቀነቀች። «ምን ዓይነት ልጆች ነው የወለድኩት... አንዷ የማይታይ ነገር ትጽፋለች፣ አንዷ እሱን ታነባለች።»

ጥቅምት 10

ሚጢ ከሥራ ቦታዋ ደወለች። በሹክሹክታ። «የራሴ ወንበር አለኝ። ይሽከረከራል።»

ጥቅምት 17

አለቃዬ አስጠራኝ። ቢሮው በሙሉ «መቀስ» ነው የሚለው። የማይቆርጠው የለማ... የሻይ ሰዓት፣ የወረቀት ወጪ፣ የሰው ንግግር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ማን ያየኛል፤ «እሱ» ነው።

«ገጾችሽ ግሩም ናቸው» አለኝ።

«አመሰግናለሁ።»

«ችግራችን እሱ ነው።»

የቀለደ መሰለኝ። አልቀለደም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ቁልቁል የሚወርድ መስመር። የስልክ ክፍላችን ነው አለኝ። ደንበኛ ሲቸግረው ከፍሎ ይደውላል፣ ወይ ከፍሎ ሥልጠና ይገባል። እንደዚያ ነበር። አሁን ሰው አይደውልም። ለምን? ገጹን ይከፍታል፣ ምሳሌውን ይገለብጣል፣ ይሠራለታል፣ ቤቱ ይገባል።

«ምሳሌዎች የሚለውን ክፍል ከሁሉም ገጽ አንሺው። ጥንቃቄ የሚለውንም። ወደ ሥልጠናው እናዛውረዋለን።»

«ታዲያ ገጹ ላይ ምን ይቀራል?»

«የትዕዛዙ ስም። ምርጫዎቹ። ለእያንዳንዳቸው አንድ መስመር።»

«የጠፋ ፋይል የመመለሻው ትዕዛዝ ግን አደገኛ ነው እኮ። ወዴት እንደሚመልስ ካልነገሩት ፎልደሩን እንዳለ በድሮው ቅጂ ይተካዋል። ሳይጠይቅ። ቅጂው ከተወሰደ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል።»

«ሥልጠናው ላይ በደንብ ይነገራቸዋል።»

«ሥልጠናውን ያልገባስ?»

«ይግባ!»

ከበሩ ስወጣ ከኋላዬ ምን አለ? «ውሸት ጻፊ አላልኩሽም።» እውነቱን ነው። አላለኝም። እውነቱን ግማሽ መንገድ ላይ ትተሽው ነይ ነው ያለኝ።

ጥቅምት 18

ጢሞን ጠየቅሁት። የመመለሻው ትዕዛዝ ከመተካቱ በፊት አንድ ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ አይቻልም?

«ይቻላል።»

«ታዲያ?»

«ስሙ ትዕዛዝ ነው። ሲያዙት ይፈጽማል። ጥያቄ ከፈለግሽ ሰው ቅጠሪ።»

ማዳመጫው ተመልሶ ጆሮው ላይ ገባ።

ጥቅምት 24

ቆረጥኩ።

ከጠዋት ጀምሮ። ገጽ በገጽ። ምሳሌዎች የሚለውን ርዕስ ከላይ እስከ ታች አጥቁሮ ማጥፋት ለካ እንዴት ቀላል ነው። መጻፉ ነው ዕድሜ የሚፈጀው።

የመመለሻው ገጽ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ያቺን ምሳሌ ስንት ጊዜ ነው የጻፍኳት... መጀመሪያ «ሰረዝ ኤን» ብለህ ሞክር፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደነበር ብቻ ያሳይሃል። ከዚያ መድረሻውን ንገረው። ከዚያ እዘዘው። ልጅ እጅ ይዞ መንገድ እንደማሻገር ነበር። እሷንም ቆረጥኳት። ጥንቃቄውን ግን ማጥፋት አልሆንልኝ አለ። አንዲት ዓረፍተ ነገር አድርጌ ምርጫዎቹ መሃል ሸጎጥኳት። መቀስ አያያትም ብዬ።

ከምሳ በኋላ ገጹ ተመለሰልኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ቀይ ተቀብታለች። ከጎኗ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ይህችም።»

አጠፋኋት።

እምቢ ማለት ይቻል ነበር? ይቻል ነበር። ከዚያስ? በዚህ ከተማ እንዲህ ዓይነት ሥራ ያላቸው ቤቶች በጣት ይቆጠራሉ። በሁሉም በር ላይ ልወልዳቸው የምችል ልጆች ተሰልፈዋል። ማን ነው እኔን አስገብቶ የሚያስቀምጠኝ?

ምክንያት ሲፈልጉት መቼም አይጠፋም።

ኅዳር 3

ሚጢ ምሳ ጋበዘችኝ። ከላቦራቶሪው ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ቤት ውስጥ። ነጭ ጋዋን ለብሳ መጣች። «የኮምፒውተር ሰው ጋዋን ምን ያደርግለታል?» ብላት «ደስ ይለዋል» አለችኝ።

ስትናገር እጇ አያርፍም። የደም ናሙና የሚቀመጥበት ፍሪጅ ሳሎናችንን ያክላል። ኃላፊዋ ቁጡ ናቸው ግን ቅን ናቸው። ውጤቱ ሁሉ በኮምፒውተር ነው። ቅጂ የሚወሰደው ግን በየወሩ ነው፣ ዲስክ ለመቆጠብ ብለው። በየሳምንቱ ይሁን ብላ ጠይቃለች፤ «እናስብበት» ተብላለች። አንድ ሴትዮ ውጤታቸውን ሊወስዱ መጥተው ኮምፒውተሩ ተቆልፎ፣ እሷ ከፍታላቸው፣ ግንባሯን ስመዋት ሄዱ።

«እታለም፣ ሰው ጠቀምኩ እኮ!»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አዲሱ ማሻሻያ ሲደርሳችሁ ገጹ ላይ የጎደለ ነገር አለ ልላት። ማን አጎደለው ትለኛለች። እኔ እላታለሁ። ያን ፊቷን አየሁትና... «ያልገባሽ ነገር ካለ ደውዪልኝ» አልኳት።

እስኪደርሳቸው ገና ነው። እነግራታለሁ።

ኅዳር 21

ማሻሻያው ለሁሉም ደንበኛ ተላከ። አጨበጨብን።

ኅዳር 27

የስልክ ክፍሉ ከእኔ ጠረጴዛ በመስታወት ነው የሚለየው። ዛሬ ሙሉ ቀን ጮኸ። መቀስ በጀርባዬ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «ትሰሚያለሽ?» አለኝ። የልጁን ፒያኖ እንደሚያሰማ አባት።

ሚጢ ጋ ልደውል ነበር። ስብሰባ ገባሁ። ከዚያ ረሳሁት። ረሳሁት? እስቲ ይሁን።

ታኅሣሥ 4

ሚጢ። ጠዋት። ስልኩን አንስቼ ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ «እታለም፣ ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

የአንድ በሽተኛ ውጤት ሰው በስህተት አጥፍቶት ነበር። ካለፈው ወር አጋማሽ ቅጂ ላይ ያችን አንዷን ፋይል ልትመልስላቸው ፈለገች። ገጹን ከፈተች። አነበበች። ደግማ አነበበች። የተጻፈውን አደረገች። ትዕዛዙም የተባለውን ፈጸመ... ፎልደሩን በሙሉ ወዳለፈው ወር አጋማሽ መለሰው። ከዚያ ወዲህ የተመረመረ ሰው ሁሉ ውጤት የለውም።

«ገጹ ላይ የለም እኮ! እንዲህ ያደርጋል የሚል የለም! ሁለቴ አነበብኩት። ያንቺ ስለሆነ ነው ያመንኩት። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ትረሻለሽ?»

ከመስታወቱ ወዲያ የስልክ ክፍሉ ይጮሃል። ምን አልኳት?

«ተረጋጊ» አልኳት።

ተረጋጊ!

ታኅሣሥ 5

ፈቃድ ወስጄ ላቦራቶሪው ሄድኩ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው። ደማቸው እንደገና ሊቀዳ የተጠሩ። ክንዳቸው እንደ እንጨት የደረቀ ሽማግሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ነርሷ ደም ሥራቸውን ፍለጋ ታሻሻቸዋለች። «ከትናንት ወዲያ ወስዳችሁልኝ የለ እንዴ ልጄ?» ይላሉ። አንዲት ወጣት ሴት ቀዶ ጥገናዋ ስለተላለፈ ከባሏ ጋር በስልክ ትጨቃጨቃለች።

ሚጢ ጋዋኗን አውልቃ መዝገብ ክፍሉ በር ላይ ቆማለች። ከሚያልፍ ሰው ሁሉ ጋር ዓይን ለዓይን ትጋጠማለች። መደበቅ ትችል ነበር። አልተደበቀችም።

ኃላፊዋ እኛ መሥሪያ ቤት ደውለው ነበር። የተሰጣቸውን መልስ እንዳለ ነገሩኝ፦ «ይህ በሥልጠናው ውስጥ ተካቷል፤ ሥልጠናውን አልወሰዳችሁም።» እዚያ እንደምሠራ አያውቁም። ሚጢ አልነገረቻቸውም። ልትሸፍነኝ።

ታኅሣሥ 9

አስወጧት።

እማዬ ቤት ስደርስ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ግድግዳ ታያለች። እማዬ አጠገቧ ተቀምጣ እግሯን ታሻታለች፤ ልጅ ሳለች ትኩሳት ሲይዛት እንደምታደርገው። «እህትሽ ታስተካክለዋለች» ትላታለች። «እህትሽ የዚያ ነገር ሰው አይደለች?»

ቆሜ ሰማሁ። ጫማዬን አላወለቅኩም። ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 13

ነገርኳት።

በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። እኔ መቆንጠጫ እያቀበልኳት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ የሚል ጠዋት ነበር። ጽፌው ነበር አልኳት። ጥንቃቄውም፣ ምሳሌውም ነበር።

እጇ ሳያቆም፦ «ነበር?»

«ነበር። አንሺው ተባልኩ።»

«አነሳሽው?»

«አነሳሁት።»

«በራስሽ እጅ።»

«በራሴ እጅ።»

አንሶላውን ዘርግታ አራገበችው። ከጀርባው ሆና፣ ፊቷ ሳይታየኝ፣ «እኔ እዚያ እንደምሠራ እያወቅሽ?» አለች።

ልነግርሽ ነበር ልበላት? ሁላችንም እንዲህ ያለ «ነበር» አለን።

«እሱንስ እሺ» አለች። «አለቃሽ አስገደደሽ። እኔም አለቃ ነበረኝ፣ ይገባኛል። ግን ያን ቀን ስደውልልሽ... እብድ ሆኜ ስደውልልሽ... ታውቂ ነበር። እኔ ያላየሁት ነገር ያለ መስሎኝ ገጹን እንደገና ሳነብ ዋልኩ። ሌሊቱንም። አንቺ ታውቂ ነበር። 'ተረጋጊ' አልሽኝ።»

መቆንጠጫዎቹን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሁሉንም። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ታኅሣሥ 28

አትደውልም። ስደውል አታነሳም። እማዬ «ምን ሆናችሁ ነው የተኳረፋችሁት?» ትላለች። ምንም አልሆንንም እላለሁ። ሚጢም ምንም አልሆንንም ትላለች አሉ። በዚህ ብቻ ነው የተስማማነው።

ጥር 9

ዛሬ ያየሁትን ለመጻፍ ብዕሩን ስንት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት።

ጠዋት ገብቼ ኮቴን ሰቅዬ ቀና ስል፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣ የስልክ ክፍሉ ወንበር ላይ ሚጢ ተቀምጣለች። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ። አየችኝ። ጎረቤት ሰላም እንደሚባል ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

ለካ ባለፈው ሳምንት ልትጮህበት ነው የመጣችው። መቀስ ዘንድ ገብታ የሆነችውን ሁሉ ዘረገፈችው። እሱ ዝም ብሎ ሰማት። ስትጨርስ «ይህንኑ ለደንበኞቻችን ብትነግሪያቸውስ?» አላት። ሥራ ሰጣት።

ምሳ ሰዓት ላይ መቀስ አስቆመኝ። «እህትሽ ወርቅ ናት። ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሻት?»

ምን ነበር የምትሠራው ሌላ? በር በር ስትንከራተት «ከላቦራቶሪው ለምን ወጣሽ?» እየተባለች። አወቅሁት፣ ገባኝ። ቢሆንም...

ጥር 20

ትችልበታለች። ድምፅዋ ሰው ያረጋጋል። እኔ የማልችለውን።

ዛሬ ፎቶኮፒ ሳነሳ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «አይዞዎት፣ እኔም ደርሶብኝ ያውቃል» ትላለች ለአንዱ ደንበኛ። «መጀመሪያ ሰረዝ ኤን ብለው ይሞክሩ፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደነበር ብቻ ያሳይዎታል። ከዚያ መድረሻውን ይንገሩት። ከዚያ ይዘዙት።»

የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው። ቃል በቃል፣ በቅደም ተከተሉ። የቆረጥኩትን ነው የስልክ ክፍሉን ሰዎች ያስጠኗቸው። እህቴ በስልክ ታነበዋለች፣ ሰውየው በደቂቃ ይከፍልበታል።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። «ጥሩ ነው የተጻፈው» አለችኝ። ማሽሟጠጧ ይሁን እውነቷን፣ ከፊቷ ላይ ማንበብ አቃተኝ። ድሮ እንዲህ አልነበርንም።

የካቲት 3

አንድ ሰው ደወለ። የትምህርት ቤት መዝጋቢ ነው። የተማሪዎችን ውጤት አጥፍቶ ነው የደወለው። በኋላ። ሁሉም በኋላ ነው የሚደውሉት።

ሚጢ አነሳችው። በመስታወቱ እያየኋት ነበር። ትሰማለች፣ በእጇ ግንባሯን ይዛ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ተከተልኳት።

ቧንቧውን ከፍታ ፊቷን አልታጠበችም። ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል።

«አለቀሰ» አለችኝ። «ትልቅ ሰውዬ። ምን ልሁን ይለኛል። ገጹ ላይ የለም እኮ ይለኛል። የራሴን ድምፅ የሰማሁ ነው የመሰለኝ።»

«መልሼ እጽፈዋለሁ» አልኳት። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ከወጣ በኋላ ግን ልክ እንደሆነ አወቅሁት። «ሁሉንም። ምሳሌውንም።»

ቧንቧውን ዘጋች። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«ከዚያ ማን ይደውላል?»

«ማንም አይደውልም። ይሻላቸዋል።»

«እኔስ?»

«ሚጢዬ፣ ሰውየው...»

«ሰውየውን የሰማሁት እኔ ነኝ። ስለ እሱ አትንገሪኝ።» ፊቷን በወረቀት ጠረገች፤ ሳይረጥብ። «እዚህ ከገባሁ ወዲህ እማዬ እንቅልፍ መተኛት ጀመረች። እኔም። መሥሪያ ቤቱ ቆሻሻ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንቺ ልታስተምሪኝ አይገባም። ያኔ መጻፍ ሲገባሽ አልጻፍሽም። አሁን ደግሞ... እባክሽ እታለም። ሁለተኛ ጊዜ ከሥራ አታስወጪኝ።»

የካቲት 4

«እታለም» አለችኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለዚህ!

የካቲት 8

እማዬ ጠራችኝ። ሚጢ ነግራታለች፤ ሁሉንም ይሁን ግማሹን አላወቅሁም። «የእህትሽን ጉሮሮ ልትዘጊ ነው አሉ።»

«እማዬ፣ ሰዎች እኮ ሥራቸው እየጠፋባቸው ነው። እንደ እሷው።»

«እነሱን አላውቃቸውም።»

«እኔም አላውቃቸውም።»

«ታዲያ?»

ታዲያ... ምን ይመለሳል? ለማላውቀው ሰው መጻፍ ነው ሥራዬ፣ ሌላ ሥራ የለኝም ልበላት? እናት እንዲህ ያለ መልስ አይገባት። የሚገባው ሰው መኖሩንም እንጃ። ሳህኖቹን አጥቤላት ሄድኩ።

የካቲት 11

ጻፍኩት።

ካጠፋሁት ላይ መገልበጥ እችል ነበር። አልገለበጥኩም። አዲስ ጻፍኩ። ሚጢን ነው ያሰብኩት፤ ያን ጠዋት፣ ኃላፊዋ ከበር ላይ ቆመው እየጠበቋት የምታነብ ሚጢን። እንዲህ የሚያነብ ሰው ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ጥንቃቄውን ገጹ አናት ላይ አወጣሁት። ከስሙም በፊት። ደንቡ እንዲህ አይደለም። ደንቡ ገደል ይግባ።

የካቲት 12

ማሻሻያውን ለደንበኛ የሚልከው ጢሞ ነው። ገጹን ወሰድኩለት። መቀስ አላየውም አልኩት፣ ሳልደብቅ። ዛሬ ማዳመጫውን ከሁለቱም ጆሮው አወለቀ። አነበበው። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ የእኔን ገጽ ሲያነብ ያየሁት ዛሬ ነው።

«ይሄን ሁሉ ያጠፋል እንዴ?»

«አንተ ነህ እኮ የጻፍከው!»

«እኔ የጻፍኩት ለኮምፒውተሩ ነው...» ጢሙን ያዘ። ለቀቀው። «እሺ። እኔ ምንም አላየሁም። ነገ ይወጣል።»

ከዚያ ወደ ስልክ ክፍሉ ሄድኩ። ይህን በስልክ አላደርገውም ብዬ ነበር። ሚጢ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ።

«ነገ ይወጣል። ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ልነግርሽ ነው።»

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ብትጮህ በወደድኩ።

«እሺ» አለች። ስልኩ ጠራ። አነሳችው። «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?»

የካቲት 27

መቀስ። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፦ «መልሰሽ ከተትሽው።»

«አዎ።»

«ሳታስፈቅጂኝ።»

«ብጠይቅ ይፈቅዱልኝ ነበር?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ደንበኞቹ አይተውታል አለኝ። አሁን ቢነሳ ለምን ተነሣ ብለው ይጠይቃሉ፤ ይቆይ። እኔ ዕቃዬን በልቤ ጠቅልዬ፣ የመሳቢያዬን ቁልፍ በእጄ ይዤ ነበር የገባሁት። ልሂድ? አልኩት።

«ወዴት? ገጹን ማን ይጽፍልኛል? አንቺ ቦታሽ ላይ ነሽ። ግን ስልኩ ዝም ካለ፣ ስልክ ክፍሉ ሰው በዝቶበታል ማለት ነው። መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። ይህን ደንብ እኔ አላወጣሁትም።»

በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። ሚጢ እየሳቀች ለሆነ ሰው እያስረዳች ነበር።

«እኔን ያስወጡኝ። በእሷ ፋንታ።»

«አንቺን ስልክ ላይ አስቀምጬ ሰው ላስበርግግ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የሚቀጥለውን ስብሰባ ጠራ።

ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩባት። እኔም እለቃለሁ አልኳት። ነገውኑ።

«ለምን?»

«ላንቺ ብዬ።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ቁጣ የለበትም ድምፅዋ። ደክሟታል። «እማዬን ሁለታችንም ሥራ ፈትተን ልንጦራት ነው? ቁጭ በይ። ጻፊ። ትክክል ነሽ፣ ገብቶኛል። ያ የትምህርት ቤቱ ሰውዬ ቀድሞ ቢያነበው ኖሮ አያለቅስም ነበር። ትክክል ነሽ። ግን ትክክል የምትሆኚው ሁልጊዜ በእኔ ላይ ነው።»

ወረደች። የታችኛው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

መጋቢት 21

ሚጢ ከተማ ቀይራለች። የሰማሁት ከእማዬ ነው፣ ከሄደች በኋላ። አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መቆጣጠር ነው አሉ ሥራዋ። ኮምፒውተር? «የለም መሰለኝ» አለች እማዬ። «እንዲያውም አልፈልግም ብላለች።»

«ስለ እኔ ጠየቀችሽ?»

«ምሳ በልተሻል?»

«እማዬ፣ ጠየቀችሽ?»

«ብርዱ አይሎባታል አለች። ሹራብ ልላክላት።»

ሹራቡን እኔ ገዛሁ። ከእኔ መሆኑን እንዳትነግሪያት አልኳት።

ዛሬ ከስልክ ክፍሉ የቀሩት ሁለቱ ሻይ ሊቀዱ ሲመጡ አንደኛው «የመመለሻው ትዕዛዝ ምን ነካው? ገጹ ከተቀየረ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ አልደወለበት» አለኝ። እንዲሁ ለወሬ ነው። ሰርቷል ማለት ነው። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው፣ አለቃው ከጀርባው ቆሞ፣ ገጹን ከፍቶ የመጀመሪያዋን መስመር አነበበና እጁን ከፊደሎቹ ላይ አነሳ። ምን ሊያጠፋ እንደነበር አላወቀም። እኔንም አያውቀኝም። ቤቱ ገብቶ ራቱን በላ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትንሽ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ሌሎቹንም ገጾች አንድ በአንድ ወደነበሩበት እየመለስኩ ነው። መቀስ ያያል፣ ዝም ይላል። እኔም እሱን እንደማልፈራው አያለሁ። ምነው ዱሮ በሆነ።

ከሰዓት በኋላ ሚጢ ጋ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ስልኩን ከገጹ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት። እስከ መውጫ ሰዓት ሠራሁ።

ማንም አልደወለም።